ላይብረሪው ይሞላል፣ መጽሐፉን የሚነካ ግን የለም

የመደርደሪያዋ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። ከዚያ በፊት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበርኩ። እዚያ ሰው የሚመጣው መጽሐፍ ፈልጎ ነው። እዚህ ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት።

ልጆቹ አይመጡም ማለቴ አይደለም። በእረፍት ሰዓት ወንበር አይገኝም። የሚመጡት ግን የቤት ሥራ ሊገለብጡ፣ ስልክ ቻርጅ ሊያደርጉ፣ ወይ ከግቢው ግርግር ሊሸሹ ነው። መደርደሪያው ለእነሱ ግድግዳ ነው።

ባለፈው ሳምንት ነገሩን በዓይኔ ልየው ብዬ ከልብ ወለዱ መደርደሪያ 20 መጽሐፍ እንዳጋጠመኝ አወጣሁ። ከኋላ ሽፋናቸው ውስጥ የተለጠፈውን የመመለሻ ቀን ወረቀት አንድ በአንድ አየሁ። 14ቱ ላይ አንድም ማኅተም የለም። አንዱ ላይ ያለው የመጨረሻ ማኅተም እዚህ ከሚማሩት ልጆች ሁሉ ዕድሜ ይበልጣል። ሌላውን ስከፍተው ጀርባው ቀጭ ብሎ ጮኸ። ከተገዛ ጀምሮ ማንም ከፍቶት አያውቅም።

በተለይ አንድ ልጅ አለ። በየቀኑ ይመጣል። ጥግ ላይ ካለችው ሶኬት አጠገብ ወለሉ ላይ ይቀመጣል፣ ስልኩን ይሰካል፣ እስኪደወል ድረስ እዚያው ነው። አንድ ቀን "መጽሐፍ ልምረጥልህ?" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና "ፈተና ላይ ይመጣል?" አለኝ። አይመጣም ስለው ወደ ስልኩ ተመለሰ።

የሞከራችሁት ካለ ንገሩኝ። ከንፈር እንድትመጡልኝ አይደለም። ነገ ጠዋት ገብቼ ላደርገው የምችለውን ነው የምፈልገው።

ቀጥታ ተናጋሪ
ሶኬቷን ንቀያት። ስልክ በር ላይ ይሰብሰብ። የሚያየው ሲያጣ ያነባል።

የመደርደሪያዋ ልጅ
ሶኬቷ ብትነቀል ልጁም አብሯት ይነቀላል እንጂ አያነብም ወንድሜ። አሁን ቢያንስ ከመጽሐፍ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ነው ያለው።

ጋሽ ካርድ
በርቺ የኔ ልጅ። የዕድሜዬን ግማሽ የጨረስኩት በትምህርት ቤት ላይብረሪ ነው። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ ጊዜ ስላለኝ ብረዝም ታገሱኝ።

ራንጋናታን የሚባል ሕንዳዊ ነበር። የሒሳብ መምህር ሳለ እ.ኤ.አ. በ1924 የማድራስ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪያን ሆነ። በ1931 ለሙያችን አምስት ሕግ አወጣ። የመጀመሪያው ሕግ መጻሕፍት እንዲገለገሉባቸው ነው የሚል ነው። ይሄ ደግሞ ሕግ ነው ወይ ትሉ ይሆናል። እኔም ወጣት ሳለሁ እንደዚያ ብያለሁ።

ሥራ ስጀምር መጽሐፍ ቆጥሬ ፈርሜ ነው የተረከብኩት። አንድ መጽሐፍ ቢጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ። መጽሐፉ 20 ዓመት ሙሉ ባይነበብ ግን ማንም መጥቶ "ለምን?" አይለኝም። ሰው ደግሞ የሚጠብቀው የሚጠየቅበትን ነው። እኔም ሳላውቀው ላይብረሪያን መሆኔ ቀርቶ ቁልፍ ያዥ ሆንኩ። ልጅ ወደ መደርደሪያ ሲጠጋ ዓይኔ ወደ እጁ ነበር የሚሄደው። ልጅ ይሄን ያውቃል። አንቺም እንግዲህ መጀመሪያ የራስሽን ዓይን እዪው። ይቅርታ፣ ልወቅስሽ አይደለም።

ሌላው፣ መደርደሪያውን አራግፊ። ያረጀ የኮምፒውተር መማሪያ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ሰባት ኮፒ ያለው፣ ብል የበላው ይውጣ። ጢም ብሎ የሞላ መደርደሪያ ላይ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ የለም። ከዚያ ባገኘሽው ክፍት ቦታ ላይ መጽሐፉን በፊቱ አቁሚው። በጀርባው ሲቆም የሚታየው የአንድ ጣት ስፋት ነው፤ ርዕሱን ለማየት አንገት ማዘንበል ይፈልጋል። በፊቱ ሲቆም ሽፋኑ ራሱ ይጣራል። እኔ ይሄን ያወቅሁት ጫማ መሸጫ መስኮት አይቼ ነው። ጫማን በተረከዙ በኩል የሚደረድር ነጋዴ አይቼ አላውቅም።

ሒሳብ ወዳጅ
ጋሼ ያሉት ጥሩ ነው። ግን ልጅ ያለ ምክንያት አይነሳም። እኔ መምህር ነኝ፣ አውቃቸዋለሁ። ውድድር አዘጋጂ። በሴሚስተር 10 መጽሐፍ ላነበበ ሽልማት። ስም ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ታያለሽ እንዴት እንደሚሻሙ።

የተቃጠለው
እኔ ይሄን ሞክሬ ነው ስሜን ያገኘሁት።

አንድ መጽሐፍ አንብቦ ግማሽ ገጽ ማጠቃለያ ላመጣ አንድ ማኅተም። 10 ማኅተም ለሞላ ሽልማት። የመጀመሪያው ወር ላይ መደርደሪያው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። ደስታዬን አልቻልኩትም፣ ለርዕሰ መምህሩ ሪፖርት ሁሉ ጻፍኩ። ከዚያ ልብ ስል መጀመሪያ ያለቁት ቀጫጭኖቹ ናቸው። ማጠቃለያዎቹን ደግሞ ማታ ቁጭ ብዬ ሳነብ ዘጠኝ ልጆች የዋናውን ገጸ ባሕርይ ስም በአንድ ዓይነት ስህተት ጽፈውታል። አንድ ሰው ጽፎ ስምንቱ ገልብጠዋል። ያ አንዱስ አንብቦት ይሆን? እንጃ።

ሽልማቱ በተሰጠ በሳምንቱ ስንት መጽሐፍ እንደወጣ ልንገራችሁ? ሦስት። ከውድድሩ በፊት እንኳ ከዚያ ይሻል ነበር። ከዚያ በፊት በራሳቸው ጊዜ የሚያነቡ አራት አምስት ልጆች ነበሩኝ። እነሱም ጠፉ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እነሱ ናቸው።

በኋላ ሳነብ ነገሩ የታወቀ መሆኑን አየሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ ተመራማሪዎች መሳል የሚወዱ ሕፃናትን በሦስት ከፈሉ። ለአንደኞቹ "ከሳላችሁ የምስክር ወረቀት እንሰጣችኋለን" አሏቸው። ለሁለተኞቹ ሳይነግሯቸው ሰጡ። ለሦስተኞቹ ምንም። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ከለሮቹን ዝም ብለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡላቸው። ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች ከሌሎቹ በግማሽ ያህል ያነሰ ጊዜ ነው የሳሉት። ጨዋታ የነበረውን ነገር ሥራ አደረጉባቸው ማለት ነው።

ሒሳብ ወዳጅ
እነዚያ ገና መዋዕለ ሕፃናት ያሉ ልጆች ናቸው። ሥዕል ደግሞ ድሮም ይወዱ ነበር። ድሮም የማያነብ የ15 ዓመት ልጅ ላይ ምን የሚቀንስበት ፍላጎት አለ?

የተቃጠለው
ይሄ ጥያቄ ልክ ነው፤ እኔም መልስ የለኝም። የማውቀው አንድ ነገር እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የማሪናክና የጋምብሬል ጥናት ነው፤ እሱም በሦስተኛ ክፍል ልጆች ላይ ነው። ለማንበባቸው መጽሐፍ የተሸለሙት ምንም እንዳልተሸለሙት ሁሉ ማንበባቸውን ቀጠሉ። ትንንሽ መጫወቻ የተሰጣቸው ናቸው የቀዘቀዙት። ስለዚህ መሸለም የግድ ከሆነ መጽሐፍ ይሁን። ያውም ልጁ ራሱ የመረጠው።

ገጽ ሰባት
ሰላም። 16 ዓመቴ ነው። እዚህ ስለ እኛ ስታወሩ ሁለት ቀን ዝም ብዬ አነበብኩ፣ አሁን ግን አልቻልኩም።

መጀመሪያ፣ አናነብም አትበሉ። እኔ ማታ ማታ ስልኬ ላይ ሰዎች በክፍል በክፍል የሚለቁትን ልብ ወለድ ሳነብ ስምንት ሰዓት ያልፋል። ጠዋት ዓይኔ አብጦ ነው ክፍል የምገባው። ግን ያ እንደ ንባብ አይቆጠርም። ወንድሜ ስለ ኳስ ዝውውር የሚጻፈውን ሁሉ ያነባል፣ ያውም በእንግሊዝኛ። እሱም አይቆጠርም። ኮሚክ "ሥዕል ማየት" ነው። ታዲያ የሚቆጠረው የምንጠላው ብቻ ነው?

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ያናድደኛል። 12 ዓመቴ እያለሁ ከትምህርት ቤት ላይብረሪ የተዋስኩትን አንድ መጽሐፍ ስጨርስ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ውሻው ይሞታል። በማግሥቱ ለመምህሬ ነገርኳቸው። ደስ አላቸውና "በጣም ጥሩ! ሰኞ ለክፍሉ ታቀርቢዋለሽ። ከመጽሐፉ ያገኘሽውን ትምህርት ጻፊና ነዪ" አሉኝ። ምን ትምህርት? ውሻው ሞተ እኮ ነው የምልዎት! ሰኞ ቆሜ ስለ ታማኝነት የሆነ ነገር ተናገርኩ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ የወደድኩትን መጽሐፍ ለትልቅ ሰው ነግሬ አላውቅም።

ያ ልጅ "ፈተና ላይ ይመጣል?" ያለው ለማፌዝ አይመስለኝም። ሲወጣ ጥያቄ ሳይከተለው የተሰጠው መጽሐፍ የለም። ሁሌ ዋጋ አለው፣ ስለዚህ ዋጋውን ጠየቀ።

ሦስተኛ፣ መጽሐፍ ለመዋስ በጓደኞቼ ፊት ጠረጴዛው ድረስ ይዤ መሄድ አለብኝ። የእኛ ላይብረሪያን ሽፋኑን ገልብጠው ያዩና "ይሄማ የልጆች ነው" ወይም "ይሄ አይከብድሽም?" ይላሉ። ክፉ ሆነው አይደለም። ግን ጆሮዬ ድረስ ነው የምቀላው። ሁለቴ መልሼ አስቀምጬ ወጥቻለሁ።

ጋሽ ካርድ
ልጄ፣ ያ ሽፋን የሚገለብጠው ሰውዬ እኔም ነበርኩ። ስንቱን እንዲህ አባርሬ ይሆን።

ዳንኤል ፔናክ የተባለ ፈረንሳዊ መምህርና ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1992 የአንባቢን መብት በአሥር ዘርዝሮ ነበር። የመጀመሪያው አለማንበብ ነው። ገጽ መዝለል መብት ነው፣ ጀምሮ መተውም መብት ነው። አሥረኛው፣ ስላነበቡት ዝም ማለት። እኔ አሥሩንም አትሜ ግድግዳ ላይ ለጥፌያቸው ነበር። አንድ መምህር መጥተው "አለማንበብ መብት ነው" የሚለው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረጉበት። ልጆቹ ያን ቀይ ኤክስ ለማየት እየመጡ ዘጠኙንም አነበቡ። ሰውየውን ማመስገን ነበረብኝ።

ቀጥታ ተናጋሪ
እሺ፣ ሁሉም የፈለገውን ያንብብ፣ ያልፈለገ አያንብብ፣ ማንም አይጠይቀው። ታዲያ ትምህርት ቤት ምን ይሠራል? ኮሚክ ሲያገላብጥ የኖረ ልጅ ኋላ ወፍራም መጽሐፍ ሲሰጠው ምን ሊውጠው ነው?

የተቃጠለው
ክፍል ውስጥ ይጠየቅ እንጂ። ማን ከለከለ? ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ነው፣ ፈተናም ይኖረዋል። እኔ የምለው ግቢው ውስጥ ማርክ የማይደርስበት አንድ ክፍል ይኑር ነው።

ደረጃ ካነሳህ ደግሞ፣ ፒዛ የሚባለው የ15 ዓመት ልጆች ዓለም አቀፍ ፈተና እ.ኤ.አ. በ2009 ትኩረቱ ንባብ ነበር። በኦኢሲዲ (በአብዛኛው የበለጸጉ አገሮች ድርጅት ነው) አገሮች ከተጠየቁት ውስጥ 37 በመቶው ለደስታ ብለን ጭራሽ አናነብም ብለዋል። ለደስታ የሚያነቡት በውጤታቸው የተሻሉ ነበሩ። ስለሚያነቡ ጎበዙ ወይስ ጎበዝ ስለሆኑ ያነባሉ የሚለውን ይሄ ብቻውን አይነግረንም፤ የእኔ ጥርጣሬ አንዱ ሌላውን እየገፋው ይሄዳል የሚል ነው። ወፍራሙን መጽሐፍ የሚያነሳው ግን ቀጭኑን ወድዶ የጨረሰው ነው።

የሁለት ልጆች እናት
አንድ ነገር ልጨምር። ትልቁ ልጄ ዲስሌክሲያ፣ ማለትም ጽሑፍ ማንበብን የሚያከብድ ችግር፣ አለበት። ይሄን ያወቅነው 13 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰነፍ ነው፣ መጽሐፍ ይጠላል ነበር የሚባለው። ከፊቱ መጽሐፍ ሲደረግ ቀልድ ይጀምራል፣ ሰው ያስቃል፣ ከክፍል ይባረራል። ለካ መባረሩ ጮክ ብሎ ከማንበብ ስለሚሻለው ነበር።

ያዳነው በድምፅ የተተረከ መጽሐፍ ነው። ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ፣ የታተመውን በጣቱ እየተከተለ። መጀመሪያ ማዳመጥ ብቻ ነበር፤ ቆይቶ ዓይኑም መከተል ጀመረ። "ይሄ ማንበብ አይደለም" ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ልጄ ግን ታሪኩን ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

እህቴ፣ ሶኬቷ ጋ ያለው ልጅ ስልክ ላይ ምን እንደሚያይ ጠጋ ብለሽ አይተሽ ታውቂያለሽ?

የመደርደሪያዋ ልጅ
አላየሁም። አራት ወር ሙሉ ስልክ ያያል ስል ምን እንደሚያይ አልጠየቅሁም። አፈርኩ።

የመደርደሪያዋ ልጅ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)
ተመለስኩ። የሆነውን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ጋሼ እንዳሉት አራገፍኩ። ሁለት ቀን አቧራ ስበላ ዋልኩ። የወጣው መጽሐፍ ሰባት ካርቶን ሞላ፤ ርዕሰ መምህሩ ሲያዩት ደነገጡ፣ ብል የበላውን ገልጬ ሳሳያቸው ዝም አሉ። በተከፈተው ቦታ ላይ መጽሐፎቹን በፊታቸው አቆምኳቸው።

በዴዊ ቁጥር፣ ማለትም መጽሐፍን በሚናገርበት ጉዳይ ቁጥር እየሰጠ በሚመድበው ዘዴ፣ የተደረደረውን አልነካሁም። የዴዊ አመዳደብ እ.ኤ.አ. ከ1876 ጀምሮ ያለ ነው፤ እኔ አላፈርሰውም። ግን ስፖርት 796 ውስጥ መሆኑን የሚያውቀው ላይብረሪያን ብቻ ነው። ስለዚህ በሩ አጠገብ አንድ መደርደሪያ ነጥዬ በእጄ የጻፍኩትን ወረቀት ለጠፍኩ። "የሚያስፈራ"፣ "የሚያስለቅስ"፣ "ገዳዩ ማነው?"፣ "በአንድ ቀን የሚያልቅ"። በጣም የተፈለገው የመጨረሻው ነው። ገጽ ሰባት፣ "ውሻው የሚሞትበት" የሚል ልጨምር አስቤ አንቺን አስታውሼ ተውኩት።

ማዋሻ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ደብተር አደረግኩ። ራሳቸው ቀኑንና የመጽሐፉን ቁጥር ይጽፋሉ፣ ይሄዳሉ። እኔ ሽፋን አልገለብጥም። እስካሁን ሁለት መጽሐፍ ጠፍቷል። ቁልፍ ያዥ ብሆን ኖሮ አይጠፉም ነበር።

ያልሆነልኝም አለ። በእረፍት ሰዓት የአንድ ልብ ወለድ መጀመሪያ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸውና ልብ የሚሰቅለው ቦታ ላይ አቆምኩ። ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እያለሁ ይሠራልኝ ነበር። እዚህ ከኋላ አንዱ እንደ ፍየል ጮኸ፣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሁለተኛ አልሞክረውም። ሶኬቷ አጠገብ ደግሞ የእንጨት ሳጥን ገልብጬ ላዩ ላይ መጽሐፍ ደረደርኩ። በማግሥቱ ስገባ መጽሐፎቹ መሬት ላይ ናቸው፣ ልጁ ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል።

ያን ቀን ነው ምን እንደሚያይ የጠየቅሁት። ስልኩን አዙሮ አሳየኝ። ያልተፈቱ የግድያ ታሪኮችን የሚተርክ ሰው ነው የሚያየው። መርማሪው የት ጋ እንደተሳሳተ እያቆመ ለእኔ ያስረዳኛል! ሃያ ደቂቃ አወራን። ከ"ገዳዩ ማነው?" መደርደሪያ አንዱን አንስቼ ሳጥኑ ላይ አጠገቡ አስቀመጥኩና ሄድኩ። ምንም አላልኩትም፣ "ትወደዋለህ" እንኳ አላልኩም። ሁለት ቀን እዚያው ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን የለም። ደብተሩ ላይም አልተጻፈም።

ዛሬ ጠዋት ገና በሩን ስከፍት ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ተናዷል። ሰላምታ የለ ምን የለ፣ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ "ከ213 እስከ 218 የለም!" አለኝ። ሳየው እውነቱን ነው፣ ሦስት ቅጠል ተገንጥሏል። መርማሪው ሁሉንም ሰው አንድ ክፍል ሰብስቦ ማውራት ሲጀምር ነው የሚቋረጠው። "ማነው የቀደደው? እንዴት እንዲህ ያለ መጽሐፍ ታውሳላችሁ?" ብሎ ጮኸብኝ።

መጽሐፉ እዚህ ስንት ዓመት ቆሟል። እነዚያ ገጾች እንደሌሉ ለላይብረሪው የነገረ አልነበረም። እዚያ ገጽ ድረስ የሄደ ማን ነበረና?

ሌላ ኮፒ የለንም። ርዕሱን በውስጥ መስመር እልካለሁ። ቤቱ ያለው ሰው አለ?

ገጽ ሰባት
ውይ ምስኪን! 212 ላይ!! እኔ ብሆን አብድ ነበር።

ሒሳብ ወዳጅ
ኢንተርኔት ላይ መጨረሻውን ፈልጊና ንገሪው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ገጽ ሰባት
መምህር፣ እባክዎ እንዳይነግሩት!

የሁለት ልጆች እናት
ርዕሱን አየሁት፣ እኛ ቤት አለ። የታተመበት ዓመት ስለሚለያይ የገጹ ቁጥር ላይገጥም ይችላል። ከመሰብሰባቸው ጀምሮ እስከየት ድረስ ፎቶ አንስቼ ልላክልሽ?

የመደርደሪያዋ ልጅ
219 የሚጀምረው "ጓንቱስ?" በሚል ጥያቄ ነው። እስከዚያ ድረስ ላኪልኝ። ከዚያ ያለውን አትላኪ። ቶሎ በይ በናትሽ፣ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ተደውሎ አልገባም ብሎኛል።